ሰዓቱ ሲቀየር የልጆች እንቅልፍ ምን ይሆናል?

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖር ወገን በዓመት ሁለት ጊዜ «ሰዓት ተቀየረ» ሲባል ይሰማል። በማርች ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር መጀመሪያ ወደኋላ ይመለሳል። ልጅ የሌለው ሰው አንድ ሁለት ቀን እያዛጋ ያልፈዋል። ሕፃን ያለበት ቤት ግን ሳምንቱን ሙሉ ይታመሳል። ማታ «አልተኛም» ብሎ የሚያለቅስ፣ ጠዋት «አልነሳም» ብሎ የሚነጫነጭ፣ አለዚያም ወፍ ሳይንጫጫ ነቅቶ ቤቱን በሙሉ የሚቀሰቅስ ልጅ ይኖራል። ወላጅም «ይሄ ልጅ አመል አወጣ» ይላል፤ ወይም «ምን ብበድለው ነው?» እያለ ራሱን ይወቅሳል።

ይህ ዳሰሳ ሰዓት መቀየር ከየት እንደመጣ፣ በልጅ አካል ውስጥ ምን እንደሚፈጥር፣ ተመራማሪዎችና የሕፃናት ሐኪሞች ምን እንደሚመክሩ፣ ከምክሮቹም የትኛው ለየትኛው ልጅ እንደሚሠራ ይመለከታል። መደምደሚያውን ከወዲሁ እንናገር፤ የልጅ አካል የሚታዘዘው ለብርሃን ነው። ስለዚህ ወላጅ መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ቀጥሎ የምግቡንና የጨዋታውን ሰዓት፣ በመጨረሻ የመኝታውን ሰዓት ቢያስተካክል ልጁ ሳይሰቃይ ይለምዳል። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው። መኝታውን በትእዛዝ እናዛውርና ብርሃኑንም ራቱንም እንዳለ እንተወዋለን።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደናገር፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር፣ ወራቱና ዓመታቱ ግን በፈረንጆቹ ናቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲባል በፈረንጆቹ 8 ሰዓት ማለት ነው።

የት፣ መቼ፣ ለምን?

በአሜሪካ ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት የማርች ሁለተኛ እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን 9 ሰዓት ይባላል፤ የኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ወደ 7 ይመለሳል። ሃዋይና አብዛኛው የአሪዞና ክፍል አይቀይሩም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በብሪታንያ ለውጡ የሚሆነው በማርች የመጨረሻ እሑድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። እስራኤል በ2013 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ሰዓቷን ወደፊት ታደርጋለች። በዚህም ቤተሰብ የሳምንቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰንበትን ለመላመጃ ያገኛል። ኢትዮጵያም ሆነች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰዓት አይቀይሩም። በሪያድ ወይም በዱባይ የሚኖር ወገን ነገሩን የሚያስታውሰው ሌላ አገር ላለ ዘመድ ሲደውል ብቻ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለው ልዩነት ከማርች እስከ ኖቬምበር 7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት 8 ሰዓት ይሆናል። እስራኤል ደግሞ ሰዓቷን ወደፊት ባደረገችባቸው ወራት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ትቆጥራለች።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1895 ጆርጅ ሃድሰን የተባለ የኒውዚላንድ ነፍሳት አጥኚ፣ በ1907 ደግሞ ዊልያም ዊሌት የተባለ እንግሊዛዊ የቤት ሥራ ተቋራጭ የጠዋቱ ብርሃን በእንቅልፍ ከሚባክን ሰዓቱን እንቀይር ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በአገር ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጀርመን በ1916 በኤፕሪል 30 ጀመረች፤ ብሪታንያ በጥቂት ሳምንታት ተከተለች፤ አሜሪካ በ1918 ገባችበት። የታሰበው ነዳጅና መብራት መቆጠብ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ላደገ ወላጅ ነገሩ እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት አለ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በአዲስ አበባ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፤ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ሲመሽ ይጨልማል፤ ሲጨልም ልጅ ይተኛል። ሲያትል ላይ ግን የጁን ቀን 16 ሰዓት ያህል ሲረዝም የዲሴምበሩ ከ8 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ስቶክሆልም ላይ በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። እኛ ሳናስበው የምሽቱን ጨለማ ተማምነን ነው ያደግነው፤ ልጆቻችን የሚያድጉት ጨለማው በሰዓቱ በማይመጣበት አገር ነው።

በልጅ አካል ውስጥ ያለው ሰዓት

የሰው አካል የራሱ ሰዓት አለው። ዋናው የሚገኘው ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ሲሆን ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕዋሳት ያሉት ትንሽ እንክብል ነው። ይህ ሰዓት በራሱ ቢተው አንዱን ዙር የሚጨርሰው ከ24 ሰዓት ጥቂት ዘግይቶ ነው። በየዕለቱ የሚያስተካክለው በዐይን በኩል የሚገባ ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ወደፊት ይገፋዋል፤ ማለትም ማታ ቀደም ብሎ እንቅልፍ እንዲመጣ ያደርጋል። የማታ ብርሃን ደግሞ ወደኋላ ይጎትተዋል። ሕዋሳት ጊዜን እንዴት እንደሚቆጥሩ ያብራሩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሲጨልም አንጎል ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሜላቶኒን ለአካል «ሌሊት ሆነ» ብሎ የሚያውጅ መልእክተኛ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ኃይል አለ፤ ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር እየተጠራቀመ የሚሄደው ድካም። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤይ በ1982 እንዳስረዳው፣ ጥሩ እንቅልፍ የሚመጣው ድካሙና የአካል ሰዓቱ ሲገጥሙ ነው። ሰዓት ሲቀየር ሁለቱ ለጊዜው ይለያያሉ። ልጁ ደክሞታል፤ አካሉ ግን ሌሊት መሆኑን ገና አልሰማም።

ይህን በቁጥር እንየው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሞኒክ ለቡርዥዋና ባልደረቦቿ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት የሆኑ ሕፃናትን ምራቅ እየወሰዱ ሜላቶኒን መቼ መመንጨት እንደሚጀምር መዘገቡ። በአማካይ ከምሽቱ 1:40 አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ ወላጆች ልጆቹን የሚያስተኙት ደግሞ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ነበር። ሜላቶኒናቸው ዘግይቶ የሚጀምር ልጆች አልተኛም እያሉ የሚያስቸግሩ ሆነው ተገኙ። አሁን ሰዓቱ ወደፊት ሄደ እንበል። ትናንት 1:40 የነበረው የልጁ አካል ሰዓት ዛሬ በግድግዳው ሰዓት 2:40 ነው። እናት እንደ ወትሮዋ 2:10 ላይ ብታስተኛው፣ አካሉ ለመኝታ መዘጋጀት የሚጀምረው ገና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። እንዲያውም ሜላቶኒን ከመጀመሩ በፊት ያለው ሰዓት ሰው በቀን ውስጥ በጣም የሚነቃቃበት ነው። ልጁ አልጋው ላይ የሚዘልለው፣ ውኃ የሚጠይቀው፣ ሽንቴን የሚለው ለዚህ ነው። አመል አላወጣም፤ በአካሉ ገና ምሽት ነው።

ትናንሽ ልጆች ለብርሃን ከአዋቂ ይልቅ ስሱ ናቸው። ያው የኮሎራዶ ቡድን በ2018 ባወጣው ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 10 ልጆች ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል በደማቅ ብርሃን ላይ እንዲጫወቱ አደረገ። የሜላቶኒናቸው መጠን በ88 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ብርሃኑ ከጠፋ 50 ደቂቃ በኋላም አላገገመም። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ቢሆኑም ውጤቱ ለወላጅ ትልቅ ትምህርት አለው። ማታ ሳሎን ውስጥ የሚበራ አምፖል፣ ፊቱ ላይ የተደቀነ ታብሌት፣ በመስኮት የሚገባ የምሽት ፀሐይ፣ ሁሉም ለልጁ አንጎል «ገና ቀን ነው» ይሉታል።

ወደፊት ሲሄድና ወደኋላ ሲመለስ

ሁለቱ ለውጦች አንድ ዓይነት አይደሉም። በማርች በዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜ ከምሽቱ 12:10 የጠለቀች ፀሐይ እሑድ 1:10 ላይ ትጠልቃለች፤ የጠዋቱ ብርሃን ደግሞ ከጠዋቱ 12:27 ወደ 1:27 ይሸሻል። ልጁ የሚያስፈልገው የጠዋት ብርሃን ይዘገይበታል፤ የማያስፈልገው የማታ ብርሃን ይጨመርለታል። ስለዚህ ማታ ዘግይቶ ይተኛል፤ ጠዋት ለዴይኬር ወይም ለትምህርት ቤት ሲቀሰቀስ እንቅልፉን ሳይጠግብ ይነሳል። ችግሩ ትልልቆቹንም ይነካል። በ2015 በወጣ የአሜሪካ ጥናት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከማርቹ ለውጥ በኋላ በነበሩት የትምህርት ቀናት በእያንዳንዱ ሌሊት በአማካይ 32 ደቂቃ እንቅልፍ አጥተዋል።

በኖቬምበር ነገሩ ይገለበጣል። «አንድ ሰዓት እንቅልፍ ተጨመረልን» የሚለው አባባል ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ አይሠራም። ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ አካሉ ስላልተቀየረ በአዲሱ ሰዓት 11 ላይ ይነቃል። ማታ ደግሞ ራት ሳይደርስ ያንቀላፋል፤ ሶፋ ላይ ትንሽ ሸለብ ካደረገው በኋላ መኝታው ይበላሻል። ሐኪሞች በብዛት የሚሰሙት አቤቱታ በማርች «አይተኛም»፣ በኖቬምበር «በሌሊት ይነሳል» የሚል ነው።

ለማርቹ ለውጥ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ልጁ ከወትሮውም ማልዶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ከሆነ፣ ሰዓቱ ወደፊት ሲሄድ 12 ሰዓት ተኩል ይሆንለታል። ይህን ወላጅ ባይነካካው ይሻላል። የማታውን መኝታ በአዲሱ ሰዓት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ማድረግና እንዳለ መተው ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ለወላጆች የሚሰጡ ምክሮች ብዙ ቢመስሉም በሦስት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ቀስ በቀስ ማዛወር ነው። ከለውጡ አራት ቀን በፊት ጀምሮ መኝታውን፣ መነሻውን፣ ምግቡንና የቀን እንቅልፉን በየቀኑ በ15 ደቂቃ ማንቀሳቀስ ማለት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የምትተኛ የአራት ዓመት ልጅ እንውሰድ። ለማርቹ ለውጥ ረቡዕ 1:45፣ ሐሙስ 1:30፣ ዓርብ 1:15፣ ቅዳሜ 1:00 ትተኛለች። እሑድ ማታ የግድግዳው ሰዓት 2 ሲል ለእሷ ልክ እንደ ቅዳሜው ይሆናል። ጠዋትም በዚያው መጠን ቀደም ብላ መነሳት አለባት፤ አለዚያ ማታ እንቅልፍ አይመጣላትም። መጋረጃውን ገልጦ መብራት አብርቶ መቀስቀሱ እዚህ ላይ ከመኝታው ይበልጣል። ለኖቬምበሩ ለውጥ ደግሞ ረቡዕ 2:15፣ ሐሙስ 2:30፣ ዓርብ 2:45፣ ቅዳሜ 3:00 ትተኛና እሑድ በአዲሱ ሰዓት 2 ላይ ትገባለች። ይህ መንገድ ለውጥ ለሚከብዳቸው ልጆች፣ በተለይም ኦቲዝም ላለባቸው፣ ይበልጥ ይስማማል። ለእነርሱ ከአራት ቀን ይልቅ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ መስጠት፣ በየቀኑም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ማዛወር የተሻለ ነው።

ሁለተኛው በለውጡ ቀን መሀል ላይ መገናኘት ነው። ቅዳሜና እሑድ ግማሽ ሰዓት ይዛወርና የቀረው ግማሽ በሚቀጥሉት ሦስት አራት ቀናት ይሟላል። ሁለቱም ወላጆች ተረኛ በሆኑበት፣ ሳምንቱን ሙሉ በደቂቃ መቁጠር በማይቻልበት ቤት ይህ የሚያዛልቅ ነው።

ሦስተኛው ምንም ሳያደርጉ እሑድ ጠዋት በቀጥታ በአዲሱ ሰዓት መኖር ነው። እንቅልፉ ጥሩ የሆነና ጤነኛ ልጅ ይህንም ይችለዋል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለምዳል። ወላጅ ሊጠነቀቅ የሚገባው «ይድከመውና ማታ ይተኛል» በሚል የቀን እንቅልፉን እንዳይከለክለው ነው። ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን ይነጫነጫል፣ ለማስተኛት ያስቸግራል፣ ሌሊትም ይነቃል።

ከሦስቱ አንዱን ከሌላው ጋር አፋጥጦ ትልቅ ጥናት አሸናፊ አላወጣም። ምክሮቹ የቆሙት የአካል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ባለው እውቀትና በሐኪሞች ልምድ ላይ ነው። ጠንካራ ማስረጃ ያለው ግን ሁሉም መንገዶች የሚጋሩት ነገር ነው፤ ቋሚ የማታ ሥርዓት። ጆዲ ማይንደል የምትመራው ቡድን በ2009 ባወጣው ጥናት 405 እናቶችና ልጆቻቸው ተካፍለዋል። በየማታው ገላ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ዝምታ ያለበት ነገር ማድረግና መብራት ማጥፋት የሚሉትን በዚያው ቅደም ተከተል የፈጸሙት ሕፃናት ቶሎ ተኙ፤ ሌሊት መንቃታቸውም ቀነሰ። የእናቶቹም ስሜት ተሻሻለ። ሰዓቱ ሲቀየር ልጁ የሚይዘው መንገድ ይህ ሥርዓት ነው። ሰዓቱ ቢዛወርም ተራው ካልተዛባ ልጁ ቀጥሎ እንቅልፍ እንደሚመጣ ያውቃል። ተረት፣ እሽሩሩ፣ ጸሎት፣ እያንዳንዱ ቤት የለመደውን ይቀጥል።

በየዕድሜው

ከሦስት ወር በታች ያለ ጨቅላ የአካሉ ሰዓት ገና አልተደራጀም፤ የቀንና የሌሊት ዑደቱ የሚታየው ከሁለትና ሦስት ወር ወዲህ ነው። ስለዚህ ለእሱ ምንም ዝግጅት አያስፈልግም። ሲርበው ይጠባል፤ ሲደክመው ይተኛል። ቀን ብርሃን፣ ሌሊት ጨለማ እንዲሆንለት ማድረግ ይበቃዋል።

ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን የጡቱን ወይም የወተቱን ሰዓትና የቀን እንቅልፉን አብሮ ማዛወር ያስፈልጋል። ማታውን ብቻ አዛውሮ ቀኑን እንዳለ መተው ዋጋ የለውም። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት አልፎ ከዘገየ የማታው ይበላሻል። ከሦስት ዓመት በላይ ላሉት ደግሞ ሰዓት ሲደርስ ቀለሙን የሚቀይር የልጆች የመኝታ ሰዓት ይጠቅማል። «አረንጓዴ ሲበራ ትነሳለህ» ተብሎ የተነገረው ልጅ በኖቬምበር 11 ሰዓት ላይ ቢነቃም አልጋው ላይ መቆየትን ይማራል። በዚያ ሰዓት መብራት ማብራት፣ ቴሌቪዥን መክፈት ወይም ወተት ማቅረብ ግን ልጁ በሚቀጥለውም ቀን በዚያው ሰዓት እንዲነሳ ያለማምደዋል።

ልጅ ምን ያህል መተኛት እንዳለበት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ፣ ከ4 እስከ 12 ወር ከ12 እስከ 16 ሰዓት፤ ከ1 እስከ 2 ዓመት ከ11 እስከ 14፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከ10 እስከ 13፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ወላጅ በለውጡ ሳምንት ሊያየው የሚገባው ይህ ድምር ነው። ልጁ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ቢተኛ አያስፈራም፤ ድምሩ ለቀናት ከጎደለ ግን ቅዳሜን ሳይጠብቁ መኝታውን ማስቀደም ያስፈልጋል።

የእኛ ቤት

በስደት ያለ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ኑሮ ይህን ጉዳይ የሚያከብዱ የራሱ ልማዶች አሉት። ራት ይመሻል። እንግዳ ከመጣ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይደምቃል፣ ልጆች ከትልልቆቹ ጋር ያመሻሉ። ይህ መልካም ባሕል ነው፤ ልጅ ከሰው ጋር የሚያድግበት ነው። በለውጡ ሳምንት ግን ራቱን በግማሽ ሰዓት ማስቀደም፣ እንግዳ ካለም ልጆቹን በጊዜ ተሰናብተው እንዲገቡ ማድረግ ለሁሉም ይበጃል።

ሻይም መታሰብ አለበት። ለልጅ ከዳቦ ጋር ሻይ መስጠት ብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሻይ ካፌይን አለበት፤ ካፌይን ደግሞ በትንሽ አካል ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ማታ በሻይ ፋንታ ወተት ወይም ውኃ መስጠት ቀላል ለውጥ ነው።

እሑድ ማለዳ ልጆቹን ይዞ ቅዳሴ የሚሄድ ቤተሰብ የማርቹን ለውጥ ያለዝግጅት ከተቀበለው ልጆቹ በአካላቸው ሰዓት ገና በሌሊት ይነሳሉ። በሌላ በኩል ያ ጉዞ ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የአካል ሰዓትን ወደፊት የሚገፋው የጠዋት ብርሃን ስለሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቹን ደጅ ማጫወት፣ በእግር ማንሸራሸር፣ ፀሐይ እንዲነካቸው ማድረግ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ማታ ደግሞ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት አምፖሉን መቀነስ፣ ስልክና ታብሌት መሰብሰብ፣ የመኝታ ክፍሉን በወፍራም መጋረጃ ማጨለም ነው። የመጋረጃው ገመድ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይታሰር።

በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታል፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆችም ብዙ ናቸው። እናት ከሥራ ስትመለስ አባት የሚወጣበት ቤት የልጁን መኝታ በአንድ እጅ ማስያዝ አይቻልም። እንዲህ ባለ ቤት የሚረዳው የማታውን ሥርዓት ወረቀት ላይ ጽፎ ፍሪጅ ላይ መለጠፍ ነው። አያትም ትሁን ሞግዚት፣ አባትም ይሁን ታላቅ እኅት፣ ያስተኛው ሁሉ ያንኑ ተራ ይከተላል።

ሜላቶኒን ልስጠው?

በአሜሪካ ሜላቶኒን እንደ ከረሜላ ተሠርቶ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል። ብሪታንያ ውስጥ የሚገኘው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ወላጅ ለአንድ ሳምንት ችግር ወደዚህ ከረሜላ ከመዞሩ በፊት ሁለት ነገር ይወቅ። በ2022 የአሜሪካው የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ዘገባ፣ ልጆች ሜላቶኒን ዋጡ ተብሎ ለመርዝ መረጃ ማዕከላት የተደረጉ ጥሪዎች በ2012 ከነበሩት 8,337 በ2021 ወደ 52,563 ደርሰዋል። በ2023 ደግሞ 25 የሜላቶኒን ከረሜላ ምርቶች ሲመረመሩ በ22ቱ ውስጥ ያለው መጠን ማሸጊያቸው ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም። ሰዓት መቀየር በራሱ የሚያልፍ ነገር ነው፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ካለ ውሳኔው የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ሜላቶኒንም እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይቆለፍበት።

ወላጁም ሰው ነው

የልጅን እንቅልፍ ስናስብ የወላጁን መርሳት ያስጠይቃል። ክሪስቶፈር ባርንስና ዴቪድ ዋግነር በ2009 ባወጡት ጥናት አሜሪካውያን ሠራተኞች ከማርቹ ለውጥ በኋላ ባለው ሰኞ በአማካይ 40 ደቂቃ ያነሰ እንቅልፍ እንደሚያገኙና በማዕድን ማውጫ ሥራ ላይ ጉዳት እንደሚጨምር አሳይተዋል። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያ ሳምንት በአሜሪካ ሰው የሚሞትባቸው የመኪና አደጋዎች በ6 በመቶ እንደሚጨምሩ አረጋግጧል። ሌሊቱን ከልጅ ጋር ሲታገል አድሮ ታክሲ ይዞ የሚወጣ አባት፣ ልጅ አድርሳ ወደ ሥራ የምትነዳ እናት ይህን ሊያስቡበት ይገባል። እሑድ ቀን ልጁ ሲተኛ አብሮ መተኛት፣ በዚያ ሳምንት ማታ ቀድሞ መግባት ስንፍና አይደለም።

ለውጡ ይቅር የሚለው ክርክር

ብዙ አገሮች በዚህ ተሰላችተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ 4.6 ሚሊዮን መልስ መጣ፤ 84 በመቶው ይቅር አለ። የአውሮፓ ፓርላማም በ2019 ለውጡን ለማስቀረት ድምፅ ሰጠ፤ አባል አገሮች ግን አልተስማሙበትም። የአሜሪካ ሴኔት በማርች 2022 ዓመቱን ሙሉ በወደፊቱ ሰዓት ለመኖር የሚያስችል ሕግ በሙሉ ድምፅ አሳለፈ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን አላጸደቀውም።

ለልጆች ሲባል ልዩነቱ የትኛው ሰዓት ቋሚ ይሁን በሚለው ላይ ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 1974 ሰዓቱን ወደፊት ገፍታ ክረምቱን ለማሳለፍ ሞክራ ነበር። ልጆች በድቅድቅ ጨለማ ወደ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ወላጆችን አስቆጣ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ተለወጠ። ዛሬም ያ ቢደረግ በጃንዋሪ መጀመሪያ ዋሽንግተን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2:27፣ ሲያትል ላይ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚው በ2020 ባወጣው አቋም ቋሚ መሆን ያለበት የኖቬምበሩ፣ ለፀሐይ የሚቀርበው ሰዓት ነው ብሏል። ከላይ ያየነው ሁሉ ይህን ይደግፋል፤ ለልጅ አካል የሚበጀው ጠዋት ብርሃን፣ ማታ ጨለማ ነው። የዜግነት ድምፅ ያለው ወላጅ ይህ ሕግ ዳግም ሲነሳ ለተወካዩ ሊጽፍበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሕጉ እስኪለወጥ ግን ማርችና ኖቬምበር ይመጣሉ። ወላጆች ሆይ፣ ከለውጡ በፊት ባለው ረቡዕ ጀምሩ። ጠዋት መጋረጃውን ግለጡ፤ ማታ አምፖሉን ቀንሱ፤ ራቱን ከመኝታው ጋር አዛውሩ፤ የማታውን ተራ አታዛቡ። አንድ ሳምንት ታገሡ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻም ካልተስተካከለ፣ ወይም ልጁ ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ምክንያቱ ሰዓቱ ላይሆን ይችላልና የሕፃናት ሐኪም ይየው። በዚያች ሳምንት የሚያለቅስ ልጅን አትቆጡት፤ አካሉ የታዘዘው ለፀሐይ ነው።